የተማረ ልጅ ወዴት ይሄዳል? ከቆሎ ተማሪ እስከ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ አጭር ታሪክ



ለዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ኩታ ገጠም እርሻ ወይም ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ለመጻፍ ነበር። ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሌላ ምን ይጠበቃል? ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ አሮጌ መዝገብ ነው።

መዝገቡ እኔ በምሠራበት ቀበሌ የነበረው የገበሬ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ሲሆን፣ ጠንካራ ልባድ ያለውና ጠርዙን አይጥ የበላው ነው። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ወቅት የአገልግሎት ኅብረት ሥራው መጋዘን ሲዘረፍ፣ የጊዜው ጸሐፊ ቆርቆሮውንና ሚዛኑን ማዳን ባይችሉም መዝገቡን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወስደውታል። ከዚያ ጀምሮ በሣጥን ውስጥ ኖሮ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራችን አስረከበ። ሳገላብጠው ከተጻፈው ጉዳይ ይልቅ የሳበኝ የእጅ ጽሑፉ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ሦስት ዓይነት እጅ አለ። በ1967 ዓ.ም. የተጻፉት የመጀመሪያ ገጾች የከተማ ተማሪ እጅ ናቸው፤ ቀጭን፣ ዘንበል ያለና የሚሮጥ ጽሑፍ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቤተ ክህነት ሰው ቁም ጽሕፈት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ትልልቅና ክብ ክብ ፊደል ነው፤ በጎልማሳነቱ ፊደል የቆጠረ ሰው እጅ መሆኑ ያስታውቃል።

ሦስቱም ከተለያየ ትምህርት ቤት ወጥተው እዚህ መዝገብ ላይ ሥራ ያገኙ ሰዎች ናቸው። የአገራችን ገጠር ወጣት ከትምህርት ወደ ሥራ የተሻገረበትን መንገድ ታሪክ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ነው። ጉዳዩ የዩኒየናችንም ጉዳይ መሆኑን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቀድሞው ዘመን በእኛ አካባቢ ለገበሬ ልጅ ትምህርት ማለት የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም የቁርኣን ትምህርት እንዲሁ። ልጁ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ፣ ከፍ ያለ ትምህርት ከፈለገ ደበሎውን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቀዬ ይርቃል። እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤትና በመጽሐፍ ቤት ዓመታትን ያሳልፋል። መንገዱ መራራ ነው፤ በወረርሽኝና በረሃብ የቀረውም ብዙ ነው። መጨረሻው ግን የታወቀ ነበር፦ ዲያቆን፣ ቄስ፣ ደብተራ ወይም መሪጌታ። ከአገልግሎቱ ጋር መሬት አለ፤ ደብሩን የሚያገለግል ካህን ከደብሩ መሬት ድርሻ ይኖረዋል፣ ያርሳል ወይም ያሳርሳል። ያ ትምህርት ለሴት ልጅ በሩ የተዘጋ መሆኑና ከእጅ ሥራ ጋር አለመገናኘቱ ሲተች ቆይቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ትምህርት፣ ሥራና መሬት በአንድ ጠፍር ታስረው ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጡት ሥርዓቶች ሦስቱ እንደዚያ ተገናኝተው አላየሁም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ዓላማው ሌላ ነበር። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብፅ መምህራን እየተመራ የውጭ ቋንቋዎችን ያስተምር ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ የሚፈልገው አስተርጓሚና ጸሐፊ ነውና። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ባዶ ስለነበሩ የተማረ ሰው ተፈላጊነት እጅግ ጨመረ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ መምህር ወይም የቢሮ ጸሐፊ ሆኖ የሚቀጠርበት ጊዜ ነበር። ይህንን ያየ ገበሬ አንድ ነገር ገባው፤ ልጅ ከተማረ ከሞፈርና ቀንበር ይገላገላል። እስከ ዛሬም ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት ሲልክ በልቡ ያለው ይኸው ነው። እኛ የግብርና ሠራተኞች በስብሰባ ላይ ስንናገር ይህንን የወላጅ ሐሳብ «የአመለካከት ችግር» እንለዋለን። ይሁንና ከልምድ የመጣ እንጂ ከስንፍና የመጣ አይደለም።

መንግሥት ለግብርና የሚሆኑ ወጣቶችን ለማስተማር የጀመረው ጥረትም ረጅም ዕድሜ አለው። የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የፖይንት ፎር ፕሮግራምና በኦክላሆማ ኮሌጅ እገዛ የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተቋቋሙ። የኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን የተጀመረው በዚሁ ኮሌጅ ሥር ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም. ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የኅብረት ሥራ ምክር ለአነስተኛ ገበሬ ያቀረበው ካዱ ብዙ ያስተማረ ፕሮጀክት ነው። ሆኖም ስንዴ አዋጪ መሆኑን ያዩ የጭላሎ ባለመሬቶች ትራክተር እያመጡ ጭሰኞቻቸውን ማፈናቀል ያዙ። ዕውቀቱ ደረሰ፤ መሬቱ ግን ዕውቀቱ የታሰበለት ሰው እጅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ፤ ዛሬ ብዙም ሲነሳ አልሰማም። በ1964 ዓ.ም. መንግሥት የትምህርቱን ዘርፍ በሙሉ የሚፈትሽ ጥናት አስጠና። በሕዝቡ አፍ «ሴክተር ሪቪው» ተብሎ የቀረው ማለት ነው። ጥናቱ ያየው ችግር እውነተኛ ነበር። ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ጥቂት ነው፤ ከገባውም ወደ ላይ የሚደርሰው ያነሰ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚጨርሰው ደግሞ የቢሮ ሥራ እያጣ መጥቷል። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መነሻ ትምህርት እንዲሰጥና ከዚያ በኋላ አብዛኛው የገጠር ልጅ ወደ እርሻና ወደ አካባቢው ሥራ እንዲሠማራ ነበር። ወደ ላይኛው ክፍል የሚያልፉት ጥቂቶች ይሆናሉ።

ወሬው ሲወጣ መምህራንና ወላጆች ተቆጡ። የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም፣ የባለጸጋ ልጅ ግን ሊቀጥል ነው አሉ። የመምህራን ማኅበር ከደመወዝ ጥያቄው ጋር ይህንን ተቃውሞ አንግቦ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ መታ። በዚያው ቀን በነዳጅ ዋጋ መጨመር የተማረሩ የታክሲ ነጂዎችም አድማ አደረጉ። ከየካቲት አብዮት መቀስቀሻዎች አንዱ እንግዲህ «የተማረ ልጅ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ነበር ማለት ነው። መንግሥት ዕቅዱን ሳይወድ በግድ አነሣ።

ጥናቱን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ክፉ ሐሳብ ነበራቸው ብዬ አላምንም። የገጠር ልጅ ለኑሮው የሚጠቅመውን ይማር ማለት እኔም በየስብሰባው የምለው ነው። የሳቱት አንድ ነገር ይመስለኛል። «ተምረህ ወደ እርሻህ ተመለስ» የሚባለው እርሻ ላለው ሰው ነው። በወቅቱ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ይሰጣል፤ በሰሜኑ ርስቱ በውርስ እየተሸነሸነ የአንድ ወንድም ድርሻ በሬ ለማዞር እስኪጠብ ድረስ ደርሷል። ታዲያ አራተኛ ክፍል የጨረሰው ልጅ የሚመለሰው ወደ የትኛው እርሻ ነው?

አብዮቱ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በመዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ 60 ሺህ ገደማ የሚሆኑ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በፈቃዱና በደስታ የወጣ ነበር፤ ያልወደደም ነበር፤ ያልዘመተ ወደ ትምህርትም ወደ ሥራም አይገባም ስለተባለ ምርጫ አልነበረውም። ተማሪዎችን ወደ ገጠር መላክ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። የአሁኑ ግን በብዛቱም በሥልጣኑም ሌላ ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ፣ አዋጁን ለገበሬው አንብበው ያስረዱት፣ የገበሬ ማኅበር ያደራጁት፣ ስም የመዘገቡትና ቃለ ጉባኤ የጻፉት እነዚህ ወጣቶች ናቸው።

የእኛ መዝገብ የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ስለ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ምርጫ ነው። ከፊርማዎቹ ይልቅ የአውራ ጣት አሻራው ይበዛል። ጸሐፊው ወጣት ከስብሰባው ሐሳብ ጋር የራሱንም ሐሳብ እየቀላቀለ ሳይጽፍ አልቀረም፤ ገበሬዎቹ በአንድ ድምፅ ተናገሩ የተባለው አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የገበሬ አነጋገር አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ግን ስለ ግጦሽ መሬት ክርክር የተጻፈው ቃል በቃል የአገሬው ንግግር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ያለውን ይዟል። ልጁ በዚያ ቀን መስማት የጀመረ ይመስላል። ዘመቻው በብዙ ቦታ ከባለሥልጣናትና ከባለመሬቶች ጋር ግጭት አስከትሏል፤ ሕይወታቸውን ያጡ ዘማቾችም ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. ሲያበቃ ዘማቾቹ ወደየመጡበት ሄዱ። የከተማው እጅ ጽሑፍም ከመዝገባችን ጠፋ።

ማኅበሩ ግን አልፈረሰም፤ ጸሐፊ ያስፈልገዋል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ለገበሬ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 138 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን አደራጃጀት ደነገገ። ግብርና ታክስ የሚሰበሰበው፣ ማዳበሪያ የሚከፋፈለው፣ ስኳርና ጨው የሚታደለው በማኅበር በኩል ሆነ። ስለዚህ ማንበብ የሚችል ሰው ተፈላጊ ሆነ፤ በቅርብ የነበረው የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። በመዝገባችን ሁለተኛው እጅ የገባው እንደዚህ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ሦስተኛው እጅ ተወለደ፤ መዝገቡን ያተረፉት ጸሐፊ በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አርሶ አደር ነበሩ።

በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ የወጣ ሁሉ በመንግሥት ተመድቦ ይሠራ ነበር። ከዚያ በታች የቀረው የገጠር ወጣት ግን ያው ወደ ቤቱ ነው። አምራች ኅብረት ሥራ ግባ ይባላል፤ በሥራ ነጥብ የሚከፈለው ገቢ ወጣቱን የሚያቆይ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወንድ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። በመዝገባችን ሦስት ገጽ ሙሉ የምልምሎች ስም በእነዚያ ክብ ክብ ፊደሎች ሰፍሯል። ከስሞቹ መካከል በኋለኞቹ ዓመታት የአባልነት መዋጮ ዝርዝር ላይ ተመልሰው የሚታዩት ጥቂት ናቸው። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ አምራች ኅብረት ሥራዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተበተኑ። ዘንድሮ ድረስ አንዳንድ አባት «ኅብረት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን የሚያጨማድደው በዚህ ምክንያት ነው። ዩኒየናችን ሲመሠረት አባል መመልመል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር የቀደሙት መሪዎቻችን ይመሰክራሉ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥት ምደባ ቀረ፤ ተመራቂ ሥራ ራሱ እንዲፈልግ ሆነ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ትምህርትን በአሥረኛ ክፍል ከፍሎ፣ ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈው ጥቂቱ ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሄድ አደረገ። በ1993 ዓ.ም. የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፈቱ፤ በፌዴራል ደረጃ 25 ነበሩ። ከዚያ በፊት የልማት ሠራተኛ የሚሆነው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ የዘጠኝ ወር ሥልጠና የወሰደ ነበር። አዲሱ ዕቅድ በየቀበሌው ሦስት ሠራተኞች፣ ማለትም አንድ የሰብል፣ አንድ የእንስሳት፣ አንድ የተፈጥሮ ሀብት፣ እንዲሁም አንድ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲኖር ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 60 ሺህ ገደማ ወጣቶች ሠልጥነዋል። ቁጥሩ ከዕድገት በኅብረት ዘማቾች ቁጥር ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ ነው፤ ግን ሳስበው ያስደንቀኛል። ለሁለተኛ ጊዜ አንድ ሠራዊት የሚያህል የተማረ ወጣት ወደ ገበሬው ተላከ፤ በዚህ ጊዜ ግን በደመወዝ።

እኔ ከዚያ የኋለኛው ትውልድ ነኝ። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል፤ በእኔ ጊዜ ግን ዕጣ ፈንታን የሚወስነው እሱ ነበር። ግብርና ኮሌጅ የገባሁት ግብርና ወድጄ አልነበረም፤ ውጤቴ መሰናዶ ስላላስገባኝ ነው። አባቴ የመግቢያውን ወረቀት ካየ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «እርሻማ እዚህም ነበረ» አለኝ። የተመደብኩበት የትምህርት ክፍልም ኮሌጁ የመረጠልኝ እንጂ እኔ የመረጥኩት አይደለም። ሥራውን የወደድኩት ከገባሁበት በኋላ ነው፤ ያውም በዝግታ።

ቀበሌ በደረስኩ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ መስመር መዝራት ሳስረዳ አንድ አዛውንት አርሶ አደር በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ለመሆኑ አንተ ስንት ጥማድ አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም እንደሌለኝ ነገርኳቸው። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «የእኔም ልጅ የለውም» አሉ።

ነገሩ ይህ ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ በተለይ የጎጃምና የሰሜን ሸዋ ሰው በሚገባ ያስታውሰዋል። እኔ የተወለድኩት በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሰ የገበሬ ልጅ መሬት የሚያገኘው ከወላጁ በውርስ ወይም በስጦታ፣ ካልሆነም በኪራይና በእኩል አራሽነት ነው። አባት ያለው አራት ጥማድ ከሆነና ልጆቹ አምስት ከሆኑ ሒሳቡን ለመሥራት ዲፕሎማ አያስፈልግም። በሴክተር ሪቪው ጊዜ የተሳተው ነገር ዛሬም እንዳለ ነው፤ እኛ ደግሞ ወጣቱን ዛሬም ወደ እርሻ ተመለስ እንላለን።

ሌላው የመውጫ መንገድ አረብ አገር ነው። በተለይ ሴት ልጆቻችን ስምንተኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ ፓስፖርት ያወጣሉ፤ ብዙ የቆርቆሮ ቤት በእነሱ ላብ ተሠርቷል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከተመለሱት ብዙዎቹ መልሰው መሄዳቸውን በየመንደሩ የምናውቀው ነው። መንግሥት በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁሞ ነበር፤ ወጣቱ ተደራጅቶ በግ ማሞከትና ዶሮ እርባታ ገባ። እኔ ካየኋቸው ቡድኖች የዘለቁት አስቀድሞ ገበያ የነበራቸው ናቸው።

ከዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መጣ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ከኩረጃ በመጽዳቱ እውነተኛው ነገር ታየ የሚሉ አሉ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ነገር ግን ከመቶው ዘጠና ሰባቱ ከትምህርት ገበታ ተነሥቶ የት ገባ? በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መቆየታቸው ሲጨመርበት፣ በየቀበሌው ፊደል የቆጠረ ግን ሥራ የሌለው ወጣት ከመቼውም ይልቅ በዝቷል። ታናሽ እህቴ አንዷ ናት።

አሁን ወደ ኅብረት ሥራ ልመለስ። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ መሠረታዊ ማኅበራት እንደገና በፈቃደኝነት ተደራጁ፤ ዩኒየኖችም ተቋቋሙ፤ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. ተመሥርቶ ለብዙዎች አርአያ ሆኗል። በ2009 ዓ.ም. አዲስ የኅብረት ሥራ አዋጅ፣ ቁጥር 985፣ ተተካ። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ የእርሻው ሥራ ራሱ ተለውጧል። አባቶቻችን ሲያርሱ ሥራው በሬው፣ ማጭዱና አውድማው ላይ ነበር። ዛሬ አንድ ኩንታል ስንዴ ከማሳ ተነሥቶ ፋብሪካ እስኪደርስ ድረስ ዘር የሚያበጥር፣ የማዳበሪያ ድልድል የሚመዘግብ፣ ኮምባይነር የሚነዳና የሚጠግን፣ እርጥበት የሚለካ፣ የሚመዝን፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ሒሳብ የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ሥራዎች መሬት አይጠይቁም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ችሎታና የጥቂት ወራት ሥልጠና ግን ይጠይቃሉ። ኮምባይነሩ ከሩቅ ሲመጣ ሾፌሩና ረዳቱም አብረው ከሩቅ ይመጣሉ፤ የእኛ ልጆች ጆንያ ይዘው ከኋላው ይሮጣሉ።

በብዙ መሠረታዊ ማኅበራት ሒሳቡን የሚይዘው ማን ነው? የራሱን እርሻ ትቶ የሚያገለግል የኮሚቴ አባል ነው። ኦዲት በየዓመቱ መሆን ሲገባው ይዘገያል፤ ሲመጣ ጉድለት ይገኛል፤ ያ ምስኪን ገንዘብ ያዥ ካርኒ የጠፋበት ይሁን ገንዘብ የበላ ሳይለይ ይከሰሳል። እንዲህ ሆኖ የተከሰሰ፣ በሬውን ሸጦ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። ከቤቱ ሁለት አጥር አልፎ ደግሞ ሒሳብ የምትወድ፣ ፈተናው ላይ 41 በመቶ ያመጣች ልጅ ቡና እያፈላች ትውላለች።

ስለ እሷ ልናገር። መዝገቡን ያተረፉት ጸሐፊ የልጅ ልጅ ናት። ባለፈው የስንዴ ግዢ ወቅት ማኅበራችን ጊዜያዊ መዝጋቢ ስለፈለገ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ተቀጠረች። ክርክሩ ስለ ሴትነቷና ስለ ዕድሜዋ ነበር፤ ስለ ችሎታዋ የጠየቀ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት የሚዛን ቤቱን መዝገብና የንብረት ክፍሉን የገቢ ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታመሳክር አንድ ነገር አገኘች። ለጆንያው ክብደት ተብሎ የሚቀነሰው ሚዛን ቤት ላይ ይቀነሳል፤ ንብረት ክፍሉ ሲረከብ ደግሞ ድጋሚ ይቀነሳል። የሰረቀ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱ ሠራተኞች እየተነጋገሩ ስላልሠሩ ነው። በሰው ሰው ሲታይ ትንሽ ነው፤ በአባላቱ ሁሉ ሲደመር ግን ብዙ ኩንታል ሆነ። ሥራ አመራር ኮሚቴው አጣርቶ ለአባላቱ ልዩነቱን ከፈለ። በዚያ ቀን ቢሮው ደጃፍ ላይ የነበረውን ሰልፍ ብታዩ፣ ያን ሁሉ ክርክር ያደረጉት ሰዎች ከፊት ነበሩ።

በማግስቱ አሮጌውን መዝገብ አሳየኋት። የአያቷን ክብ ክብ ፊደሎች በጣቷ እየነካች ብዙ ገጽ አነበበች። የምልምሎቹ ዝርዝር ላይ ስትደርስ የአንድ አጎቷን ስም አገኘችና ቆም አለች። ከዚያ መዝገቡን ዘግታ የጠየቀችኝ ስለ ድሮው አልነበረም። «ዩኒየኑ ለመሠረታዊ ማኅበራት ቋሚ የሒሳብ ሠራተኛ ሊቀጥር ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ። ሐሳቡ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ተነሥቶ ለዘንድሮው መተላለፉን፣ ደመወዙን ዩኒየኑና መሠረታዊ ማኅበራቱ ቢጋሩት ይቻላል የሚሉና ከትርፍ ክፍፍላችን አይነካብን የሚሉ አባላት መኖራቸውን ነገርኳት። መቼ እንደሚወሰን ጠየቀችኝ። ጉባኤው መጋቢት ላይ መሆኑን ነገርኳት።

የእሷ ውል የሚያበቃው የካቲት 30 ቀን ነው።